ከላምበረት ወደ ሐይቅ እስጢፋኖስ፤ የታሪካዊ ደሴት ጉብኝት ከፍጥሞ ልምድ አንጻር

ከመገናኛ ወደ ኮተቤ በሚወስደው ጎዳና ላይ የሚገኘው የላምበረት መናኸሪያ ሥራውን የሚጀምረው ጎህ ሳይቀድ ነው። የየካ ኮረብታዎች ገና በጨለማ እንደተዋጡ ሻንጣና ስንቅ የያዙ መንገደኞች፣ ነጠላ ያጣፉ ምዕመናን፣ ነጋዴዎችና ተማሪዎች በሩ ላይ ይሰበሰባሉ። ከስሙ ሲነሱ አካባቢው በአንድ ወቅት የከብት ማደሪያ የነበረ ይመስላል፤ ዛሬ ግን ከአዲስ አበባ ወደ ሰሜን ምሥራቅ የአገሪቱ ክፍል ለሚጓዘው ሕዝብ መውጫ በር ሆኖ ያገለግላል። አውቶቡሶቹ በለገጣፎ፣ በሰንዳፋና በደብረ ብርሃን አድርገው፣ የጣርማበርን ዋሻ አቋርጠው፣ በሸዋ ሮቢት፣ በከሚሴና በኮምቦልቻ በኩል ደሴ ይገባሉ። የጉዞው ርዝመት 400 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው።

ከደሴ በስተሰሜን 30 ኪሎ ሜትር ያህል እንደተጓዙ፣ ወደ ወልዲያ በሚወስደው ዋና መንገድ ላይ፣ የሐይቅ ከተማ ትገኛለች። ከከተማዋ አቅራቢያ ያለው ሐይቅና በውስጡ የተመሠረተው የእስጢፋኖስ ገዳም በአገሪቱ ታሪክ ውስጥ የያዙት ስፍራ እጅግ ከፍተኛ ነው። ይሁንና በገና በዓል ወደ ላሊበላ የሚጓዘው ምዕመን በአብዛኛው ሐይቁን በአውቶቡስ መስኮት ተመልክቶ ያልፋል። ወርዶ ለመጎብኘት የሚፈልገውም ቢሆን ገዳሙ መቼ እንደሚከፈት፣ ማን ሊገባ እንደሚችል፣ ምን እንደሚያይና ምን ያህል እንደሚከፍል አስቀድሞ የሚያውቅበት የተደራጀ አሠራር የለም። በሐይቅ እስጢፋኖስ ጉብኝት ረገድ ዋናው ጉድለት የሚገኘው እዚህ ላይ ነው፤ የጎብኚው ቀን ባለቤት የለውም።

የገዳሙ ትውፊት እንደሚናገረው፣ በስፍራው የመጀመሪያው ቤተ ክርስቲያን የታነጸው በ9ኛው መቶ ክፍለ ዘመን በንጉሥ ድልነዓድ ዘመን ነው። በታሪክ ይበልጥ ጎልቶ የሚታወቀው ግን በ13ኛው መቶ ክፍለ ዘመን አጋማሽ፣ እ.ኤ.አ. በ1248 አካባቢ፣ አቡነ ኢየሱስ ሞዓ ከደብረ ዳሞ መጥተው ገዳሙን በአዲስ መልክ ካደራጁ በኋላ ነው። ከዚያን ጊዜ ጀምሮ ሐይቅ እስጢፋኖስ የትምህርት ማዕከል ሆነ። አቡነ ተክለ ሃይማኖት በዚሁ ገዳም ተቀምጠው ተምረዋል። በጣና ሐይቅ የዳጋ እስጢፋኖስን ገዳም የመሠረቱት አቡነ ሂሩተ አምላክም የኢየሱስ ሞዓ ደቀ መዝሙር እንደነበሩ ይተረካል። ዛሬ ከባሕር ዳር በጀልባ ተነስቶ የጣናን ደሴቶች የሚጎበኝ ሰው፣ ሳያውቀው የሐይቅን የልጅ ልጆች እየጎበኘ ነው ማለት ይቻላል። ታዋቂው ሊቅ አባ ጊዮርጊስ ዘጋሥጫም የተማሩት በሐይቅ እንደሆነ ገድላቸው ያወሳል።

ገዳሙ ከቤተ መንግሥት ጋር የነበረው ቁርኝትም ጥብቅ ነበር። አፄ ይኩኖ አምላክ እ.ኤ.አ. በ1270 ሥልጣን ሲይዙ ከአቡነ ኢየሱስ ሞዓ ጋር የነበራቸው ግንኙነት ለገዳሙ ክብርና ርስት እንዳስገኘ ይተረካል። የሐይቅ አበምኔት "ዐቃቤ ሰዓት" የሚል ማዕረግ ይዞ በመካከለኛው ዘመን ቤተ መንግሥት ከፍተኛ ተሰሚነት ነበረው። ለመንግሥት ሠራተኛ አንባቢ ይህ ማዕረግ ትኩረት የሚስብ ነው፤ የንጉሡን ጊዜ የሚጠብቅ፣ ማን መቼ እንደሚቀርብ የሚያውቅ ባለሥልጣን እንደማለት ነውና። የዐቃቤ ሰዓቱ ገዳም ዛሬ ለጎብኚው የተወሰነ ሰዓት ያጣ መሆኑ የሚያስገርም ነው።

በ1520ዎቹ ኢትዮጵያን የጎበኘው ፖርቱጋላዊው ቄስ ፍራንሲስኮ አልቫሬዝ ስለ ሐይቁ ሲጽፍ ገዳሙን በደሴት ላይ እንደሚገኝ አድርጎ ነበር የገለጸው። ከጥቂት ዓመታት በኋላ በኢማም አህመድ ዘመቻ ወቅት ገዳሙ ጉዳት ደርሶበታል። ደሴትነቱም በጊዜ ሂደት ቀርቷል። የሐይቁ ውኃ እየቀነሰ በመሄዱ ስፍራው በጠባብ የየብስ አንገት ከዳርቻው ጋር ተያይዞ፣ በአሁኑ ጊዜ በእግር የሚደረስበት ባሕረ ገብ መሬት ሆኗል።

ታሪካዊ ደሴትን ስለመጎብኘት ሲነሳ በዓለም ቀድመው የሚጠቀሱት የግሪክ ደሴቶች ናቸው። ከእነዚህም መካከል ለኢትዮጵያዊ አንባቢ የምትቀርበው በአማርኛው መጽሐፍ ቅዱስ "ፍጥሞ" ተብላ የምትታወቀው ፓትሞስ ናት። ሐዋርያው ዮሐንስ ራእዩን ያየባት ደሴት እንደሆነች በክርስትናው ዓለም የታወቀ ነው። የስፋቷ መጠን 34 ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል ሲሆን፣ ነዋሪዎቿም ወደ 3 ሺህ ይጠጋሉ። የሐይቅ ሐይቅ የውኃ ስፋት 23 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ መሆኑን ስናስብ፣ ፍጥሞ ከሐይቁ ብዙም የማትበልጥ ትንሽ መሬት መሆኗ ይታያል። አውሮፕላን ማረፊያ የላትም። ከአቴንስ ወደብ ከፒሬየስ በመርከብ የሚደረገው ጉዞ ስምንት ሰዓት ገደማ ይወስዳል። ይህም ከላምበረት ተነስቶ ደሴ ለመድረስ ከሚፈጀው ጊዜ ጋር የሚቀራረብ ነው።

በፍጥሞ ተራራ ላይ የተሠራው የቅዱስ ዮሐንስ ገዳም የተመሠረተው እ.ኤ.አ. በ1088 መነኩሴው ክሪስቶዱሎስ ከቢዛንታይኑ ንጉሠ ነገሥት ከአሌክሲዮስ ቀዳማዊ ደሴቲቱን በስጦታ ከተቀበሉ በኋላ ነው። ከሐይቁ መታደስ በ160 ዓመት ይቀድማል። ታሪኩም ከሐይቅ ጋር የሚመሳሰልበት ብዙ ነው፤ በደሴት ላይ የተሠራ ገዳም፣ የንጉሥ ስጦታ፣ የመጻሕፍት ክምችት፣ ወራሪ የሚያሰጋው ኑሮ። ደሴቲቱ በኦቶማን ቱርክ፣ ቀጥሎም ከ1912 ጀምሮ በኢጣሊያ እጅ ቆይታ በ1947ቱ የፓሪስ የሰላም ውል መሠረት ወደ ግሪክ ተመልሳለች። እግረ መንገድ ለማንሳት ያህል፣ ከላምበረት የሚነሳው መንገደኛ የሚያቋርጠው የጣርማበር ዋሻም ያው የኢጣሊያ መንግሥት በወረራው ዘመን ያሠራው ነው።

የዩኔስኮ የዓለም ቅርስ ኮሚቴ ገዳሙን፣ የራእዩን ዋሻና በዙሪያቸው ያለውን ጥንታዊ ከተማ እ.ኤ.አ. በ1999 በዓለም ቅርስነት መዝግቧል። ጎብኚው ከመርከብ ሲወርድ ገዳሙ የሚከፈትበትንና የሚዘጋበትን ሰዓት፣ የአለባበሱን ሥርዓት፣ የቤተ መዘክሩን መግቢያ ዋጋ ያውቃል። መነኮሳቱ የሚጸልዩበትና የሚኖሩበት ክፍል ለጎብኚ ዝግ ነው። ወደ አንድ ሺህ የሚጠጉ የብራና ጽሑፎችን የያዘው ቤተ መጻሕፍት ለተመራማሪ እንጂ ለመንገደኛ አይከፈትም፤ መንገደኛው በቤተ መዘክሩ በመስታወት ውስጥ የተመረጡትን ያያል። በዚህ አሠራር ገዳሙ ገዳምነቱን ሳያጣ፣ ጎብኚውም ሳይከፋ ይመለሳል።

ይህን ልዩነት የገንዘብ አቅም ልዩነት ብቻ አድርጎ ማየት ይቀናል። በእርግጥ መርከብ፣ ወደብና ሆቴል ገንዘብ ይጠይቃሉ። የመክፈቻ ሰዓትን በሰሌዳ ላይ መጻፍ፣ የመግቢያ ዋጋን በደረሰኝ መሰብሰብ፣ ለጎብኚ የሚከፈተውንና የማይከፈተውን መለየት ግን የሚጠይቁት ስምምነትን ነው። የኢትዮጵያ መንግሥት በ2011 ዓ.ም ባወጣው የአገር በቀል የኢኮኖሚ ማሻሻያ መርሃ ግብር ቱሪዝምን ከአምስቱ ዋና ዋና ዘርፎች አንዱ አድርጎታል። በላምበረት አናት ላይ በተዘረጋው የእንጦጦ ተራራ በመስከረም 2013 ዓ.ም የተመረቀው ፓርክም የዚሁ ትኩረት ማሳያ ነው። አዲስ የሚገነባ መዳረሻ ከመጀመሪያው በር፣ መንገድና አስተዳዳሪ ተመድቦለት ይሠራል። ጥንታዊው ቅርስ ግን ከባለቤቶቹና ከሥርዓቱ ጋር አስቀድሞ የነበረ በመሆኑ፣ ለጎብኚ የሚመች አሠራር የሚገኘው ከባለቤቱ ጋር በሚደረግ ውይይት ብቻ ነው። ለዚህ ሐይቅ ድረስ መሄድ እንኳ አያስፈልግም፤ እዚያው በየካ ኮረብታ ላይ የሚገኘው ከአንድ ወጥ ዓለት የተፈለፈለው ዋሻ ሚካኤል ቤተ ክርስቲያን በላምበረት መናኸሪያ በየቀኑ ከሚመላለሰው ሕዝብ ምን ያህሉ እንደሚያውቀው መጠየቅ ይበቃል።

በሐይቅ እስጢፋኖስ ከሚገኙት ቅርሶች ሁሉ የላቀ ግምት የሚሰጠው አቡነ ኢየሱስ ሞዓ ለገዳሙ ያበረከቱት አራቱ ወንጌል ነው። እ.ኤ.አ. በ1280 እና 1281 መካከል የተጻፈ ሲሆን፣ ዘመናቸው በእርግጠኝነት ከሚታወቅ ጥንታዊ የግዕዝ ብራናዎች አንዱ ነው። በውስጡ ከወንጌሉ ሌላ የአበምኔቱ ሥዕልና የገዳሙ መጻሕፍት ዝርዝር ይገኛሉ። ከ700 ዓመት በፊት የነበረ አንድ ኢትዮጵያዊ ገዳም ምን ምን መጻሕፍት እንደነበሩት በራሱ እጅ መዝግቦ ማስቀመጡ፣ የንብረት ምዝገባን እንደ አዲስ ነገር ለሚያይ የጽሕፈት ቤት ሠራተኛ የሚነግረው አለ። ብራናው በ1970ዎቹ (እ.ኤ.አ.) በኢትዮጵያ የብራና ጽሑፎች ማይክሮፊልም ፕሮጀክት አማካኝነት ተቀርጿል። በመሆኑም አሜሪካ፣ ሚኔሶታ የሚገኝ ተመራማሪ ፊልሙን በማየት ገጾቹን ሊያጠና ይችላል።

እንዲህ ያለ ብራና ለእያንዳንዱ እንግዳ ቢገለጥ ዕድሜው ያጥራል። የእጅ ወዝ፣ የካሜራ ብርሃንና ተደጋጋሚ መግለጥ ቀለምንና ጠርዝን ይጎዳሉ። ጨርሶ ካልታየ ደግሞ ጎብኚው ምን ሊያይ እንደመጣ ይጠፋበታል። በፍጥሞ የተገኘው መፍትሔ የሁለቱ መካከል ነው። በሐይቅም ቢሆን የተመረጡ ገጾችን በጥሩ ጥራት አንስቶ በትልቅ ሰሌዳ ላይ ማሳየት ብራናውን ሳይነኩ ታሪኩን ለማስረዳት ያስችላል። በ1992 ዓ.ም የወጣው የቅርስ ጥናትና አጠባበቅ አዋጅ ቁጥር 209 ቅርስን በእጁ የያዘ ወገን ቅርሱን በራሱ ወጪ የመጠበቅ ግዴታ እንዳለበት፣ ወጪው ከአቅሙ በላይ ሲሆን መንግሥት ሊያግዝ እንደሚችል ደንግጓል። ሆኖም ገዳማት እንዲህ ያለውን ድጋፍ ለማግኘት የሚጠይቁበት መንገድ ቀላልና ግልጽ ካልሆነ ድንጋጌው በወረቀት ላይ ይቀራል።

ከሁሉም የሚከብደው ጉዳይ የሴቶች መግባት ነው። የሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም ሴቶችን አያስገባም፤ የጣናዎቹ ዳጋ እስጢፋኖስና ክብራን ገብርኤልም እንዲሁ። ይህ የገዳማቱ ሥርዓት በመሆኑ በቱሪዝም ስም ይለወጥ ማለት ተገቢም ጠቃሚም አይሆንም። ችግሩ የሚፈጠረው ሥርዓቱ ባለመታወቁ ነው። ከላምበረት የሚነሳው አውቶቡስ ባልና ሚስትን፣ እናትና ልጅን፣ የሰንበት ትምህርት ቤት ወጣቶችን አንድ ላይ ይዞ ይሄዳል። ከ400 ኪሎ ሜትር በላይ ተጉዞ በር ላይ ሲደርስ ግማሹ እንደማይገባ የሚረዳ ማኅበር፣ ቅሬታውን ይዞ የሚመለሰው በገዳሙ ላይ ነው።

በዚህ ረገድ የሚጠቅመው የግሪክ ምሳሌ ከፍጥሞ ይልቅ የአቶስ ተራራ ነው። አቶስ ልክ እንደ ሐይቅ እስጢፋኖስ በባሕረ ገብ መሬት ላይ የሚገኝ የመነኮሳት ስፍራ ሲሆን፣ ሃያ ገዳማትን ያቀፈ ነው። ከአንድ ሺህ ዓመት ገደማ ጀምሮ ሴቶች አይገቡበትም። የአገሪቱ ሕገ መንግሥትም ራሱን በራሱ የማስተዳደር መብቱን ያውቅለታል። ወንዶችም ቢሆኑ አስቀድመው ፈቃድ ማግኘት አለባቸው፤ በየቀኑ የሚፈቀደው 100 ለሚሆኑ ኦርቶዶክሳውያንና 10 ለሚሆኑ የሌላ እምነት ተከታዮች ነው። ሴቶች የተከለከሉ መሆናቸው ግን ጉብኝቱን አላስቀረባቸውም። ከአቅራቢያው ወደብ የሚነሱ ጀልባዎች ከባሕሩ ዳርቻ 500 ሜትር ርቀት ጠብቀው በገዳማቱ ፊት ለፊት ይጓዛሉ፤ አስጎብኚውም የእያንዳንዱን ገዳም ታሪክ ይተርካል።

ሐይቅ ለዚህ የሚያንስ ነገር የለውም። ጥልቀቱ ከ80 ሜትር በላይ የሆነው ይህ ሐይቅ ጸጥ ያለ ውኃ፣ በዙሪያው የተከበበ ተራራና ከውኃው ላይ በግልጽ የሚታይ የገዳም ደን አለው። ዳርቻው ላይ ቆሮሶ ዓሣ ይበላል። ለሴት ጎብኚዎችና ለቤተሰብ የሚሆን የጀልባ ጉዞ፣ በዳርቻው ላይ ደግሞ የብራናዎቹና የንዋያተ ቅድሳቱ ምስል የሚታይበት አነስተኛ ማሳያ ቤት ቢዘጋጅ፣ ከመነኮሳቱ ሥርዓት አንዲት ነገር ሳይነካ የጎብኚውን ግማሽ ያስተናግዳል። የጀልባ አገልግሎቱን በአካባቢው ወጣቶች ማኅበር ማደራጀትም ይቻላል። የነፍስ ማዳኛ ጃኬትና የጀልባ ምርመራ ግን የቅድሚያ ቅድሚያ ሊሆኑ ይገባል።

የጎብኚ ቁጥር መጨመር በራሱ ግብ ተደርጎ እንዳይወሰድም የግሪክ ደሴቶች ያስተምራሉ። አገሪቱ እ.ኤ.አ. በ2023 ከ32 ሚሊዮን በላይ የውጭ ጎብኚዎችን ያስተናገደች ሲሆን፣ ሳንቶሪኒና ሚኮኖስ የተባሉት ደሴቶች በሕዝብ ብዛት ተጨናንቀዋል። መንግሥትም በ2025 በእነዚህ ሁለት ደሴቶች ላይ ከመርከብ በሚወርድ ተጓዥ ላይ በበጋው ወራት እስከ 20 ዩሮ የሚደርስ ክፍያ ጥሏል። ሰው አልባዋ ታሪካዊ ደሴት ዴሎስ ደግሞ ማንም ጎብኚ እንዳያድርባት ትከለክላለች። ሐይቅ ከእንዲህ ያለው ጭንቀት ገና በጣም ሩቅ ነው። ይሁን እንጂ ሐይቁ መውጫ የሌለው በመሆኑ ወደ ውስጡ የሚገባ ደለል፣ ቆሻሻና ማዳበሪያ የትም አይሄድም። ደሴቱን ባሕረ ገብ መሬት ያደረገው የውኃ መቀነስ ወደፊትም ሊቀጥል ይችላል። በዳርቻው የሚሠራ ማንኛውም ማረፊያ ቤት ፍሳሹን የት እንደሚያደርግ ሳይጠየቅ ፈቃድ ማግኘት አይኖርበትም።

የጸጥታው ጉዳይም ሳይነሳ አይታለፍም። በ2014 ዓ.ም በሰሜኑ ጦርነት ደሴና አካባቢዋ ከባድ ጉዳት ደርሶባቸዋል። በ2015 ዓ.ም መጨረሻ በአማራ ክልል የተቀሰቀሰው ግጭትም የመንገድ ጉዞን በተደጋጋሚ አስተጓጉሏል። ለጉብኝት የሚነሳ ሰው ከሁሉ አስቀድሞ የሚጠይቀው መንገዱ ሰላም መሆኑን ነው። ለዚህ ጥያቄ በመናኸሪያው ከሾፌሮችና ከረዳቶች የሚገኘው መልስ ብዙውን ጊዜ ከየትኛውም መሥሪያ ቤት የቀደመ ነው። በኃላፊነት የሚሰጥ የጉዞ መረጃ ቢኖር ግን ወሬ ቦታውን አይይዝም ነበር። ጉዞ በማይቻልበት ወቅትም ቢሆን የዝግጅት ሥራው ሊቆም አይገባም፤ ሰሌዳ ለመጻፍና ብራና ለማንሳት ጎብኚ መጠበቅ አያስፈልግምና።

የኃላፊነት ክፍፍሉን ስንመለከት፣ የፌዴራሉ የቅርስ ባለሥልጣን ስለ ቅርሱ፣ የቱሪዝም ሚኒስቴርና የክልሉ ቢሮ ስለ ማስተዋወቁ፣ የተሁለደሬ ወረዳ ስለ አካባቢው አስተዳደር፣ ቤተ ክርስቲያን ስለ ገዳሙ፣ የትራንስፖርት ዘርፉ ደግሞ ስለ መጓጓዣው ይመለከታቸዋል። ጎብኚው ግን አንድ ሰው ነው፤ የሚያየውም አንድ ቀን ነው። ከላምበረት ሲነሳ የአንዱ፣ ደሴ ሲያድር የሌላው፣ ሐይቅ ሲደርስ የሦስተኛው ይሆናል። በአቶስም ሆነ በፍጥሞ መንግሥትና ቤተ ክርስቲያን እርስ በርስ የሚጋጩበት ጊዜ ጠፍቶ አያውቅም፤ ነገር ግን ለጎብኚው የሚነገረው ሰዓትና ዋጋ አንድ ነው።

የአቡነ ኢየሱስ ሞዓ በዓል በየዓመቱ ኅዳር 26 ቀን ይከበራል። የወረዳው የባህልና ቱሪዝም ጽሕፈት ቤት፣ ሀገረ ስብከቱና የገዳሙ አስተዳደር ለዚህ ቀን በአንድ ገጽ ላይ ሊስማሙ ይችላሉ፤ ገዳሙ ለእንግዳ የሚከፈትበት ሰዓት፣ የሴቶች ማረፊያና የጀልባው መነሻ፣ የመግቢያው ዋጋና ከዚያ ውስጥ ለብራናዎቹ ጥበቃ የሚውለው ድርሻ። ያንኑ ገጽ አባዝቶ በላምበረት መናኸሪያ የደሴ ትኬት መሸጫ መስኮት አጠገብ መለጠፍ የሚጠይቀው የአንድ ቀን ሥራ ነው።